ጣቷ ያልተነሳበት ጠዋት

የረግረጉ ጥብቅ ስፍራ በር ላይ ጥበቃው ከሩቅ አያቸውና እጁን አወዛወዘ። «ትንሿ የሸምበቆ ወፍ ትናንት ገብታለች! ጩኸቷ አያስቀምጥም!»

ባልየው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሚስቱ ልብስ ሰፊ። ጸደይ በገባ ቁጥር እዚህ ይመጣሉ። አሠራራቸው የታወቀ ነው፦ እሷ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፤ የወፏን ድምፅ ስትለይ ጣቷን ታነሳለች፤ እሱ ጣቷ ወዳመለከተበት ካሜራውን ያዞራል። ስሟን ትቶ «ጆሮዬ» እያለ የሚጠራት ለዚሁ ነው። ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ «አንተ ያነሳኸው» ያለ እንግዳ፣ «እኛ ያነሳነው» ተብሎ ይታረማል።

ከእንጨት በተሠራችው መመልከቻ ክፍል ገብተው አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሳንቃው ገና የሌሊቱን እርጥበት አልጣለም። በመስኮቱ ትይዩ ሳቢሳ የሚባሉት እግረ ረጃጅም ወፎች ቀሚሷ ጭቃ እንዳይነካባት እንደምትሰጋ ሙሽራ እግራቸውን እያነሱ ይራመዳሉ። ሚስትየው ዓይኗን ጨፈነች።

ወፏ ወዲያው ጀመረች፤ ቀጭን፣ እንደ መርፌ የሚወጋ ድምፅ። ሹፌሩ ሌንሱን አስተካክሎ ጠበቀ። ወፏ ደገመች፤ ሠለሰች። የሚስቱ ጣት ከጉልበቷ አልተነሳም።

ያኔ ገባው። ቀጭኑ ድምፅ ከጆሮዋ ሸሽቷል። ጠባይዋንም ያውቀዋል፤ ይህን ካወቀች «ሸክም አልሆንብህም» ብላ እስከ ወዲያኛው ትቀራለች። ያለ እሷ እዚህ መምጣት ደግሞ ለሱ ተሳፋሪ የሌለው አውቶቡስ መንዳት ነው።

«ጥበቃው ቀባጥሮ ነው፤ ምንም የለም» አለ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

«ትንሽ እንታገስ» አለችው።

ግን ሹፌር ሹፌር ነው፤ ጥሩንባ በተሰማበት አንገቱ ይዞራል። ወፏ ከመስኮቱ ሥር ካለው ሸምበቆ ላይ ስትጮህ ሳያስበው ከነካሜራው ዞረ። አግዳሚው ሲንቋቋ ሚስቱ ዓይኗን ገለጠች።

«ጣቴን ሳላነሳ ዞርክ።»

«አንገቴን አሞኝ ነው።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አንተ ሰውዬ፣ እየዘፈነች ነው?»

መዋሸት አቃተው። «እየዘፈነች ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገባን።»

«ዓምናም ድምፅዋ ቀነስ ብሎብኝ ነበር» አለች። «ጉንፋን ይዟት ነው ብዬ አዝኜላት ነበር፣ ምስኪን።» ልትስቅ ሞክራ ተወችው። «እንግዲህ ብቻህን ና። እኔ እዚህ ምን ልሠራ? ቦርሳ ልጠብቅ?»

ሹፌሩ ንግግር አያውቅበትም። የካሜራውን ማንጠልጠያ ከአንገቱ አውልቆ እሷ አንገት ላይ አጠለቀው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ተራሽ ነው። ጆሮው እኔ ነኝ።»

«አንተ? ከማጀት ስጠራህ እንኳ የማትሰማው?»

«አንቺን አለመስማት ችሎታ ነው፤ ዕድሜ ልክ ተለማምጄዋለሁ።»

በክርኗ ጎሰመችው፤ ካሜራውን ግን አልመለሰችም። እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን አነሳ።

«ወደ ግራ። በጣም አትጠምዝዢ! ትንሽ ቀጥ በይ... አሁን ያዢ ፍሬን!»

«ኧረ አውቶቡስ አይደለም!»

አነጣጠረች። ሸምበቆ ብቻ፤ ደግሞ ሸምበቆ፤ ከዚያ ድንገት አንዲት ቡናማ ወፍ ሌንሱን ሞላችው። አፏ እንደ መቀስ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጉሮሮዋ ሥር ያለው ነጭ ላባ ይርገበገባል።

«አሁን እየዘፈነች ነው» ሹክ አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«አየኋት።» ቁልፉን ተጫነች፤ ደግማ ተጫነች። ወፏ ዘፍና ሳትጨርስ እጇን አላነሳችም። ከዚያ ካሜራውን ዝቅ አድርጋ ወደ ባሏ ዞረች። «ወፏ እንዴት ነው የምትለው?»

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ ያንን ቀጭን ዜማ በወፍራም ፉጨት፣ እሷ በምትሰማው ልክ፣ ዝቅ አድርጎ አወረደላት። ከመስኮቱ ሥር ወፏ ብር ብላ ጠፋች።

«አስቀያሚ ነው» አለች ሚስቱ፣ ዓይኗን እየጨፈነች፤ «በል ድገመው።»