ሠርግ ነው እንዳትሉ

ቨርነን ስታምፐር ላጤነቱን ለምዶት፣ እንዲያውም ወዶት ነበር የኖረው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ አርጅቶ፣ እናቱን ጦሮ ቀብሮ፣ ስልሳ ሰባት ዓመት ሲሞላው «ከእንግዲህ የሚያሳስበኝ የሣር ማጨጃዬ ብቻ ነው» ይል ነበር። ይህን ባለ በወሩ ግሌንዳን ወደደ።

ግሌንዳ ለዓመታት የሚያውቃት ሴት ናት፤ በዚያው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው የምትሠራው። አንድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ የበቆሎ ዳቦ ቆርሳ ሰሃኑ ላይ ስታኖርለት «አንተ ጠርዙን ነው የምትወደው አይደል?» አለችው። ቨርነን ከእናቱ በቀር የትኛውን የዳቦ ክፍል እንደሚወድ ያስተዋለለት ሰው ገጥሞት አያውቅም። በዚያው አለቀለት።

ግሌንዳ መበለት ናት። ባሏ ደልበርት ዕድሜውን በከሰል ጉድጓድ ጨርሶ፣ ሳንባው ጠቁሮ፣ ጡረታ ሳይወጣ ነው የሞተው። በኮልድ ፎርክ ሸለቆ እንዲህ ያለች መበለት የሌለችበት መንገድ የለም።

በኤፕሪል ወር አንድ ቀን ማታ በረንዳዋ ላይ ተቀምጠው ሳለ ቨርነን ኮፍያውን አውልቆ ጠየቃት።

«እሺ» አለችው ሳታመነታ። «ግን ልደቴ ሳያልፍ አይሆንም።»

«ልደትሽ መቼ ነው?»

«ኖቬምበር።»

«ገና ኤፕሪል እኮ ነው!»

«ታዲያስ? ይህን ሁሉ ዘመን ያለ ሚስት የቆየህ ሰውዬ ለኖቬምበር አነስክ?»

ቨርነን ኮፍያውን መልሶ አጠለቀና ወደ ቤቱ ሄደ። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ። የደልበርት ሐዘን ገና አልወጣላትም ማለት ነው ሲል ደመደመ። ከሞተ ሰው ጋር ደግሞ ምን ብለው ይፎካከሩታል? አይሳሳት፣ አይሰክር፣ አያንኮራፋ።

ጠዋት ለምክር ወደ ኦቲስ ሄደ። ኦቲስ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ውስጥ ከማለዳ ጀምሮ ተቀምጦ የሚውል፣ የሸለቆው የጡረታ ጉዳይ ሊቅ ነው። ሊቅነቱን ያገኘው በገዛ ወገቡ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ወገቡ ተጎድቶ የጉዳት አበል ይሰጠኝ ብሎ አመለከተ። ቀጠሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ አሳንሰሩ ተበላሽቷል። ኦቲስ በአራት እግሩ እየዳኸ፣ እያረፈ፣ እየተሳደበ ወጣ። ቢሮው መልስ ሲሰጠው «አመልካቹ ደረጃ መውጣት ይችላል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኦቲስ ራሱን ሕግ እንዳጠና ሰው ይቆጥራል፤ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይመክራል። ቨርነንን ጡረታህን በስልሳ ሁለት ዓመትህ ሳትውል ሳታድር ውሰድ ያለውም እሱ ነው።

«ጤናህን እያየች ነው» አለው አሁን፣ ዳቦውን መረቅ ውስጥ እየነከረ። «እስከ ኖቬምበር በእግርህ ከቆምክ ታገባሃለች። ካልቆምክ የቀብሩ ወጪ ተረፈላት።»

«ግሌንዳ እንዲህ ያለች ሴት አይደለችም።»

«ሴት ሁሉ እንዲህ ያለች ናት፣ ወንድሜ። እኔን ሦስቴ ነው የፈቱኝ።»

ቨርነን ይህን ይዞ ሊኖር አልቻለም። የዚያኑ ዕለት ከሥራ ስትመለስ በሯ ላይ ጠበቃት።

«እውነቱን ንገሪኝ። ደልበርት ነው አይደል?»

«አዎ፣ ደልበርት ነው» አለች ግሌንዳ ጫማዋን እያወለቀች። ቨርነን ሊሄድ ዞረ። «ማለቴ ጡረታው። ግባና ተቀመጥ፤ ቆመህ የምትሰማው ነገር አይደለም።»

አስረዳችው። ስልሳ ዓመት ሲሞላት የሟች ባሏን ጡረታ መውሰድ ትችላለች። ከስልሳ በፊት ካገባች ግን ጋብቻው እስካለ ድረስ ያ ጡረታ የለም። ከስልሳ በኋላ ያሻትን ብታገባ ማንም አይነካባትም።

«ይህ ምን የሚሉት ሕግ ነው?» አለ ቨርነን። «አምሳ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ሴት ብታፈቅር ጥፋት፣ በስልሳዋ ጽድቅ?»

«ዋሽንግተን ሄደህ ጠይቃቸው።»

«የእኔስ? ለሚስት የሚሰጥ አለ አይደል? የእኔን ግማሽ ታገኛለሽ።»

ግሌንዳ በፍቅር አየችው። «ቨርነንዬ፣ የአንተ ግማሽ የአውቶቡስ ነጂ ግማሽ ነው። እሱንም ስልሳ ሁለት ሳይሞላኝ አይሰጡኝም። የደልበርት ግን በጉድጓድ ደመወዝ የተሰላ ነው።»

«ስለዚህ ሚስቴን የሚያስተዳድርልኝ ሙት ነው።»

«ስማኝ» አለች፤ ድምፅዋ ተለወጠ። «ያ ሰውዬ ከእያንዳንዷ ደመወዙ እየቆረጡበት ኖሮ አንዲት ሳንቲም ሳይበላ ሞተ። እኔ ካልበላሁለት ማን ሊበላለት ነው? መንግሥት?»

እውነቷን እንደሆነ ቨርነን ገባው። ቢሆንም ቅር እያለው ወጣ።

በጁን ዝናብ የቨርነን ጣሪያ ተደረመሰ። ግሌንዳ የጓዳዋን ክፍል ሰጠችው፤ እሱም ሣር ማጨጃውን ይዞ ገባ። ሸለቆው ለአንድ ሳምንት ሌላ ወሬ አላወራም። በቀጣዩ እሑድ ፓስተር ኬንዳል አምስት ባሎች ስለነበሯት ሴት ሰበኩ፤ ሲሰብኩም ዓይናቸው ሁለቱ ከተቀመጡበት ከሦስተኛው ረድፍ አልተነሣም። ማክሰኞ ቤት ድረስ መጡ።

«እህት ግሌንዳ፣ ወንድም ቨርነን፣ ይህ ነገር በእግዚአብሔር ፊት አያምርም። ተጋቡ።»

«እግዚአብሔር ዕድሜ አይጠይቅም፣ ፓስተር» አለች ግሌንዳ። «የሚጠይቀው የጡረታ ቢሮው ነው።» ነገሩን ከስሩ ዘርዝራ ነገረቻቸው።

ፓስተሩ አገጫቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። እውነት ለመናገር ያሰቡት ስለ ሁለቱ ነፍስ ብቻ አልነበረም፤ ግሌንዳ አሥራት የማትዘነጋ ምእመን ናት። «የጋብቻ ፈቃድ ካላወጣችሁ፣ እኔም አጋባኋችሁ ካላልኩ» አሉ በመጨረሻ፣ «ጋብቻ አይደለም። ቡራኬ ነው። የአብሮነት ቡራኬ እንበለው።»

«እንዲህ ያለ ነገር አለ?» አለ ቨርነን።

«ከቅዳሜ ጀምሮ አለ።»

ለሸለቆው ሁሉ ጥብቅ ማሳሰቢያ ወጣ፦ ማንም ሰው «ሠርግ» የሚለውን ቃል እንዳያነሣ፤ ሙሽሮች ላይ እንደሚበተነው ሩዝ እንዳይበትን፤ «ሙሽራ» ብሎ እንዳይጠራ። ግሌንዳ ነጭ ትታ ሰማያዊ ለበሰች። ኬክ ጋጋሪዋ ኬኩ ላይ ምን እንደምትጽፍ ግራ ገብቷት «እንኳን ደስ» ብላ አቆመችው። አዳራሹ ግጥም አለ። ለእውነተኛ ሠርግ እንኳ ያን ያህል ሰው መጥቶ አያውቅም።

«ወንድም ቨርነን» አሉ ፓስተሩ፣ «ከዚህች እህት አጠገብ ለመቆም ፈቃደኛ ነህ?»

«ቆሜያለሁ እኮ።»

«እህት ግሌንዳ፣ አንቺስ?»

«እግሬ እስከቻለ ድረስ።»

«እንግዲህ ሁለታችሁ… አንድ ቦታ ላይ መቆማችሁን አበስራለሁ» አሉ፤ ሕዝቡም በእልልታ ምትክ ሳል በሳል ሆነ።

ኬኩ ሊቆረጥ ሲል የፓስተሩ ሚስት አንዲት ባለ መነጽር እንግዳ እየጎተተች መጣች። «ተዋወቋት! ሮዛሊን ትባላለች፣ አብረን ነው የተማርነው። ከተማ ውስጥ የጡረታ ቢሮ ነው የምትሠራው!»

ፓስተሩ ሚስታቸውን ያዩበትን ዓይን የትዳራቸው ነገር ስለሆነ እንተወው። ቀድሞ የደረሰላቸው ኦቲስ ነው። «መልካም ልደት፣ ቨርነን!» ብሎ ጮኸ፤ ሕዝቡም እንዳለ የልደት መዝሙር ለቀቀው።

«ስንት ዓመትዎ ነው?» አለችው ሮዛሊን ፈገግ ብላ።

«ኧ… ኖቬምበር» አለ ቨርነን።

ግሌንዳ ከዚህ በላይ መቆም አልቻለችም። «ተዉት በቃ! የተወለደም የለም፣ ያገባም የለም። ስልሳ እስኪሞላኝ እየጠበቅን ነው።»

ሮዛሊን ሰማያዊውን ቀሚስ፣ ጽሑፉ ያላለቀውን ኬክ፣ ላብ ያጠመቃቸውን ፓስተር አየች። «ፈቃድ አውጥታችኋል?»

«አላወጣንም።»

«ባልና ሚስት ነን ትላላችሁ?»

«ማን ደፍሮ!»

«እንግዲያው እኔ ያየሁት ኬክ ብቻ ነው። ከጠርዙ ቁረጡልኝ።»

ከዚያ የሆነውን ቨርነን እስካሁን ሲያስበው ይበሽቃል። ሕዝቡ ሁለቱን ጥሎ ሮዛሊን ፊት ተሰለፈ። አንዱ በስንት ዓመቴ ልውሰድ ይላል፤ ሌላው የባለቤቴ ይሻላል የእኔ ይላል። ኦርጋን የምትመታው አሮጊቷ ቢውላ ተራዋ ሲደርስ አንገቷን ደፍታ «እኔ እንኳ የፈታሁት ባል ብቻ ነው ያለኝ፣ ያ ውሻ» አለች።

«ስንት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ?»

«አሥራ አንድ። ለእኔ እንደ መቶ ነው።»

«ሌላ ባል አላገቡም? እንግዲያው አሥር ዓመት ስለሞላ በእሱ ጡረታ መነሻነት ማመልከት ይችላሉ። የእሱ ግማሽ ከእርስዎ ከበለጠ ልዩነቱን ያገኛሉ። ለእሱ አይነገረውም፤ ከእሱም ምንም አይቀነስበትም።»

ቢውላ ጩኸቷን ለቀቀችው። «ያ ሰውዬ ሊያስደስተኝ ነው! የመጀመሪያ ጊዜው ነው!» ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ «ግን ምናለ ትንሽ እንኳ ቢቀነስበት?» አለች።

ቨርነንም ተሰለፈ። በስልሳ ሁለት መውሰዱን ሲነግራት ሮዛሊን መነጽሯን ከፍ አድርጋ «ለምን?» አለችው። ቀድሞ የወሰደ በየወሩ ጎደሎ እንደሚያገኝ፣ ጉድለቱም ዕድሜ ልክ እንደሆነ ነገረችው። ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ወደ ኦቲስ ዞረ፤ ግማሹን የመከረው እሱ ነበርና። ኦቲስ ሰሃኑን ይዞ፣ ወገቡን ደግፎ፣ በሚያስገርም ፍጥነት በጓሮ በር ወጣ። ሮዛሊን ግን ተከትላው ሄደች፤ ያ ደረጃ መውጣት ይችላል የተባለበትን ውሳኔ አምኖ እንዳይቀመጥ፣ እንደ አዲስ እንዲያመለክት አጠር አድርጋ ነገረችው። በሚቀጥለው ክረምት አበሉን አገኘ። ምስጋና ግን ከአፉ አልወጣም፤ «ድሮም መብቴ ነው» አለ።

በሴፕቴምበር ቨርነንን ሆዱን እንደ ቢላ ወጋው። ሐሞቱ ላይ ጠጠር ነው ተባለ። የሆስፒታሉ ነርስ ግሌንዳን በር ላይ አስቆመቻት።

«ምኑ ነሽ?»

«አጠገቡ የምቆም ነኝ።»

«ማለት?»

«አብሬው… ጓደኛው ነኝ።»

«የሚገባው ቤተሰብ ብቻ ነው።»

ግሌንዳ ኮሪደር ላይ ወንበር ይዛ ተቀመጠች። ደግነቱ ፓስተር ኬንዳል ደረሱ፤ ፓስተር ደግሞ የትም ይገባል። እናም ሰውዬው መልእክተኛ ሆነው አረፉት። «ጢምህን ተላጭ ብላለች» ብለው ይገባሉ፤ «ውብ ነሽ በሏት ብሏል» ብለው ፊታቸው ቀልቶ ይወጣሉ።

በቀዶ ጥገናው ዋዜማ ግሌንዳ እንባዋ መጣ። «ይንገሩት» አለች፣ «ነገ ማለዳ ፈቃድ የሚጽፈውን ሰው እዚሁ አመጣለሁ፤ እርስዎ ያጋቡናል። ገንዘቡ ገደል ይግባ። ሁለተኛ ሰው ሲሞትብኝ በር ላይ አልቀመጥም።»

ፓስተሩ ገቡ። ቨርነን አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ሰማቸው። ከኤፕሪል ጀምሮ ሲመኘው የኖረውን ቃል ነው የሰማው። የእጁን ጀርባ ዓይኑ ላይ ጫነ።

«አይሆንም በሏት» አለ። «ያ ሰውዬ ያን ሁሉ ዘመን መሬት ስር ገብቶ የሠራው ለእሷ ነው። እኔ ለሁለት ወር ብዬ አልደፋበትም። ይልቅ ቤት ሄዳ ትተኛ። አልሞትም።»

ፓስተሩ ይህን ቃል በቃል አደረሱ። ነርሷ ሰምታ ኖሮ በሩን ገርበብ አድርጋ ዞር አለች። ግሌንዳ ገባች።

አልሞተም። ኖቬምበር መጣ፤ ልደቷ አለፈ፤ በነጋታው ማለዳ ሁለቱ ንጹሕ ልብሳቸውን ለብሰው የካውንቲው ጽሕፈት ቤት ተገኙ። ባንኮኒው ላይ ያለችው ወጣት ሠራተኛ ፈቃዱን እየጻፈች አየት አደረገቻቸው። ሁለቱ አዛውንቶች እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፣ እንደ ተማሪ ይቁነጠነጣሉ።

«ታዲያ እንዲህ ከተዋደዳችሁ ምን አስቆያችሁ?» አለች እየሳቀች።

«እኔማ ዝግጁ ነበርኩ» አለ ቨርነን። «መንግሥት ነው ገና ልጅ ናት ያለኝ።»