የማዳም ማይሙና ሰሌን

መነን ፌስታሉን ቀድዳ ሰሌኑን ስትዘረጋው፣ መሃሉ ላይ አረንጓዴ ፀጉር አብቅሏል። እዛው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ሰሌኑ ዝም ብሎ ሰሌን መሰላችሁ? የአሰሪዋ የማዳም ማይሙና እናት ሳይሞቱ በፊት በእጃቸው የሰሩት ነው፤ ከሳቸው የቀረውም እሱ ብቻ ነው። ማይሙና ልጆቿን ይዛ የጅቡቲን ሙቀት ሽሽት ቀዝቀዝ ወዳለው አርታ ተራራ ከወጣች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ነገ ዓርብ ትመለሳለች። ጋቦዴ ሰፈር ያለውን ቤት ከነቁልፉ ለመነን ነው ጥላላት የሄደችው።

ጥፋቱ ደግሞ ከደግነት የመጣ ነው እኮ። አምና መነን በወባ ስትወድቅ፣ ማይሙና ሌላ ሠራተኛ አልፈለገችም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰች ነው ያስነሳቻት። እና መነን ውለታዋን ልመልስ ብላ ሰሌኑን በሩዝ ውሃ አጠበችው፣ እንደ ስታርች ጠንከር ብሎ እንዲያምር። ከዛ አቧራ እንዳይነካው እርጥቡን በፌስታል ጠቅልላ አልጋ ስር ከተተችው። የደብረ ብርሃን ብርድ ያሳደገው ሰው ጅቡቲ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚያስበው፦ በዚህ ሙቀት ምን የማይደርቅ ነገር አለ?

ለፅዮናዊት ደወለች። ፅዮናዊት አያቷ በባቡሩ ዘመን ከሀገር ቤት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ተወልዳ ያደገች የሳይንስ አስተማሪ ናት። ቤተክርስቲያን ነው የተዋወቁት። በታክሲ ከች ስትል መነን እርጥብ ጨርቅ ይዛ ልትፈትግ ነው፤ እጇን ቀብ አደረገቻት።

«አንቺ፣ ለዚህ ሻጋታ ምሳውን አቅርበሽለት አሁን ደግሞ መጠጥ ልትጨምሪለት ነው?»

መነን አልሳቀችም። ፅዮናዊትም አጠገቧ ቁጭ ብላ ለተማሪዎቿ እንደምታስረዳው አስረዳቻት። ሻጋታ ፈንገስ ነው፤ እንደ ቅጠል ከፀሐይ ምግብ አይሰራም፣ እንደኛም አፍና ሆድ የለውም። ቀጫጭን ክር ሆኖ የሚበላው ነገር ውስጥ ይገባና፣ የሚፈጭበትን ፈሳሽ ውጭ ላይ ያፈሳል። እኛ ውጠን እንፈጫለን፣ እሱ ፈጭቶ ይመጥጣል። አረንጓዴው ዱቄት ዘሩ ነው፣ አየሩ ውስጥ ሁልጊዜ አለ፣ የሚጠብቀው እርጥበትና ምግብ ብቻ ነው። የሩዙ ውሃ ደግሞ ግብዣ ሆነለት።

«እና ምን ይገድለዋል?» አለች መነን።

«አትግደይው፣ አስጠሚው። ውሃ ከሌለ መብላት አይችልም።»

አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው ሰሌኑን ጣሪያ ላይ አወጡት። ያ መነን አቧራ ያመጣል ብላ የሸሸችው ትኩስ ነፋስ አገላብጦ አደረቀው። ሲደርቅ በደረቅ ብሩሽ ቀስ እያሉ ጠረጉት። ፀሐይ ስትጠልቅ አረንጓዴው የለም። መነን ጓደኛዋን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት፣ «አንቺን የሰጠኝ አምላክ ይመስገን» አለቻት፤ ፅዮናዊት ደግሞ አቧራሽን አራግፊልኝ ብላ አሾፈችባት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አንደኛው ጥግ ላይ የሻጋታው ክር ጠልቆ በልቷል፤ የማይሙና እናት የሰሩት ቀይ ጥለት ሲነኩት እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። መዳፍ የምታክል ቦታ ናት። ፅዮናዊት «ያን ጥግ ቁምሳጥኑ ስር ብታስገቢው ማንም አያየውም» አለቻትና ሄደች። መነንም እንደዛው አደረገች።

ዓርብ ጠዋት ማይሙና ገባች። ጫማዋን አውልቃ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች፣ በመዳፏ ዳበሰችው፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። በዛች በተሰባበረች አማርኛዋ፦

«መነን፣ የእናቴን እጅ ጠበቅሽልኝ። እህቴ ነሽ።»

መነን ቆማለች። ቁምሳጥኑ ከእግሯ አንድ እርምጃ ነው። ዝም ብትል ማይሙና ደስ እንዳላት ትውላለች፤ ብትናገር ያን ምስጋና በገዛ አፏ ልታፈርሰው ነው። ያቺ ሾርባ ያጎረሰቻት ሴት ናት ደግሞ።

እናንተ በመነን ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?