በወይራ የታጠነው በርሜል

አዴ ገለቴ በርሜሌን በወይራ አጥነው ቢራዬን አበላሹት። ያወቅኩት ዛሬ ጠዋት ነው፤ ስድስት ሳምንት በርሜል ውስጥ የተኛውን ጥቁር ቢራ፣ ፖርተሩን፣ ከፍቼ ስቀምስ። የተቆላ ብቅልና መራራ ቸኮሌት ጠብቄ ነበር። የመጣው ጭስ ነው።

«ሻግቶ ነበር» አሉኝ ስጠይቃቸው፣ ቧንቧውን እንኳ ሳይዘጉ። «በግራዋ አሸሁት፤ ከዚያ አጠንኩት። ሰው ሊጠጣበት አይደል?»

«ማን አጥኑት አለዎት?»

«ጋን እንዲታጠን ሰው ይነግራል እንዴ?»

ጋን አይደለም ልላቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። እሳቸው እዚህ ሰበታ፣ በትንሿ መጥመቂያችን እቃ ያጥባሉ። እኔ በኬሚካል ምህንድስና ተመርቄ ቢራ እጠምቃለሁ። ሌላ ለመጥመቅ ጊዜ የለም፤ ሊቀምሱ የሚመጡት ባለ ሎጁ ኦቦ ሞቱማ ከሱሉልታ ተነስተው ቡራዩ ደርሰዋል። ጥቁሩን ለሎጃቸው ከወሰዱ እቀጥላለሁ። ካልወሰዱ፣ ባለቤቱ ጋሽ ኪዳነወልድ እንዳሉት፣ ወደ ቢጫው ቢራ ብቻ እንመለሳለን። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር በአንድ ብርጭቆ ሊያልቅ ነው።

ሲደርሱ ይዘንብ ነበር። ወጨጫ በጭጋግ ጠፍቷል፤ ተራራ ኖሮ የማያውቅ ይመስላል። ስለ ጭሱ ምንም ሳልናገር ቀዳሁላቸው። ቢራው ጥቁር ነው፤ ወደ መስኮቱ ሲያነሱት ግን ከስሩ ሊጠፋ ያለ ፍም የመሰለ ቅላት አለው።

ኦቦ ሞቱማ ተጎነጩ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

«በጣም ቀዘቀዘ?» አልኩ። መጠበቅ አልችልም።

«ቆዪ ልጄ» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። «የት እንዳለሁ ልወቅ።»

እኔም ቀመስኩ፤ ጥፋቱ ምን ያህል እንደሆነ ለመለካት። ጭሱ ቀድሞ አይመጣም። ብቅሉ ይመጣል፣ ምሬቱ ይከተላል፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ ጭሱ ብቻውን ይቀራል፤ ሰው አሁን የወጣበት ክፍል ዓይነት። ሁለተኛ ተጎነጨሁ። ክፍሉ ሰፋ። ጭጋጉ በመስኮት ገብቶ አጠገባችን የተቀመጠ መሰለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ ኪዳነወልድ ከሜዳ ማዶ ሆኑ፤ ስልካቸው ሲጠራ ስሙን የማላውቀው ወፍ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አልወድም። ሆዴ ባዶ ስለሆነ ነው ብዬ ዳቦ ቆረስኩ። ዳቦውም አልመለሰኝም።

«ያ ዋቅ! አምላኬ!» አሉ ኦቦ ሞቱማ በመጨረሻ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። «ኪዳኔ፣ ይህን እወስዳለሁ። ግን ልክ እንዲህ ሆኖ። ጭሱ ከጎደለ አትላኩልኝ።»

ጋሽ ኪዳነወልድ ወደ እኔ ዞሩ። «ጭሱን እንዴት አመጣሽው?»

እኔ ነኝ ማለት ይቻል ነበር። ግን እንዴት እንደሚደገም አላውቅም። አዴ ገለቴን ጠራኋቸው።

እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ገቡ። ኦቦ ሞቱማ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ብርጭቆ ዘረጉላቸው።

«አልጠጣም» አሉ አዴ ገለቴ። «ጌታን ከተቀበልኩ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። ጋኖቼን ሁሉ ለጎረቤት ሰጥቻለሁ።»

«አሽትቱት ብቻ።»

አሸተቱት። ፊታቸው ቀስ ብሎ ተፈታ። ለአንድ አፍታ እሳቸውም ከክፍሉ ሄዱ፤ ወዴት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሲመለሱ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ገፋ አደረጉት።

«ይሄ እኮ ፋርሶ ነው። የእናቴ ጠላ!»

«በርሜሎቹን ሁሉ እንዲህ ያጥኑልኝ» አልኳቸው።

«አይሆንም፣ ትጊ። እቃ ማጠብ ኃጢአት አይደለም ብዬ ነው የገባሁት። አልጠምቅም ብዬ ለጌታ ተናግሬያለሁ።»

«ማጠን መጥመቅ አይደለም።»

«አሁን የቀመሳችሁት ታዲያ ምንድን ነው?»

እውነታቸውን ነው፤ ከእኔ ብቅል ይልቅ የእሳቸው እጅ ነው ኦቦ ሞቱማን ይዞ የሄደው። ጋሽ ኪዳነወልድ ሊቆጡ ሲሉ ቀደምኳቸው።

«እሺ፣ አይንኩት። እኔ አጥነዋለሁ። ነገ ፉሪ ሄጄ ከዛፍ ላይ እርጥብ ወይራ አስቆርጣለሁ።»

«እርጥብ?» አሉ አዴ ገለቴ። «እርጥብ ወይራ ልታጨሺበት? ያንቃል እኮ! ደረቁን ፍልጥ ነው እንጂ። እሳቱ ላይ ነበልባል እንዳታስነሺ፤ ጭሱ ሲነጣ በርሜሉን አፉን ትደፊበታለሽ፣ እስኪ...»

አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ኦቦ ሞቱማ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«እስኪ ምን?» አልኩ፣ እስክሪብቶ ይዤ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በቃ! አታናግሪኝ።»

«እስኪ ምን፣ አዴ ገለቴ?»

በዓይናቸው ጣራውን አዩ፤ ከላይ ፈቃድ የሚጠይቁ ይመስል። ከዚያ ወደ በሩ ሄዱ።

«እስኪሞቅ» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡን። «ጀርባው በእጅ ሲነኩት እስኪሞቅ ድረስ።»

ወጡና በሩን ዘጉት።