የባሻ ስኳር

ባሻ ስኳር እንዳለበት መጀመሪያ ያወቁት ጉንዳኖች ናቸው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ግቢያችን ጥግ፣ እሱ በሸናበት አፈር ላይ ሲርመሰመሱ ጎረቤታችን ሸፊቃ አየቻቸው። ሸፊቃ ራሷ ስኳርተኛ ናት፤ ኢንሱሊን መወጋት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ጎንበስ ብላ አፈሩን አየችና፣ «ወላሂ እትዬ ይርገዱ፣ ይሄ ድመት እንደኔው ነው» አለች። እኔ ሳቅሁ። የሰው በሽተኛ አንሶን ነው ድመት ደግሞ የሀብታም በሽታ የሚይዘው አልኩ። ባለቤቴ ይርገዱ ግን አልሳቀችም።

ለነገሩ እኔም ሳላየው ቀርቼ አይደለም። ውሃ አይጠግብም ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ይጋደማል። ያ በሰፈሩ የታወቀ ድልድል ሰውነቱ ረግፎ የጀርባ አጥንቱ ይቆጠር ጀመር። እኛ ልጅ አልወለድንም። ከምድር ባቡር ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እኔና ይርገዱ የምናወራው ስለ ባሻ ነው። ባሻ በላ፣ ባሻ ከግንብ ወደቀ፣ ባሻ የሰው ዶሮ አስደነገጠ። እሱ ባይኖር ዝምታው ይበላን ነበር። ይህን ለእሷ ብያት አላውቅም፣ እሷም ለእኔ ብላኝ አታውቅም፤ ሁለታችንም ግን እናውቀዋለን።

የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዐብዲናሲር ከግመልና ከፍየል ጋር የሚውል ሰው ነው። ባሻን ከዘንቢል ስናወጣው አልቀለደብንም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

«የድመት መለኪያ እዚህ አታገኙም» አለን። «የሰው መለኪያ ይበቃል፤ ትንሽ አሳንሶ ያነባል እንጂ። ከጆሮው ጠርዝ ወጋ አድርጋችሁ አንዲት ጠብታ ደም ብቻ ነው። የሚያስቸግራችሁ ስትሪፑ ነው።»

ስትሪፕ የሚሏት ደሙን የምትመጠው ትንሿ ወረቀት ናት። አንዴ ከተነካች ትጣላለች፤ ፋርማሲ ውስጥ ስትገኝ ትወደዳለች፣ ስትፈለግ ደግሞ የለችም።

«እውነቱን ልንገርዎት እማማ» አለ ሐኪሙ ወደ ይርገዱ ዞሮ፣ «በዚህ ዕድሜው ብዙ ተስፋ አያድርጉ። ኢንሱሊን እሞክራለሁ ካሉ ግን ሳይበላ አይውጉት። በየሳምንቱም ይለኩት። ሩዙንና ፓስታውን ተዉለት፣ ሥጋ ይሻለዋል። ምግቡ ሲለወጥ ስኳሩም ይለወጣል፤ ያኔ መርፌው መቀነስ አለበት።»

ሥጋ! እኛ ራሳችን ሥጋ መች በላንና። በባጃጅ ስንመለስ ይህን አጉረመረምኩ። ይርገዱ ዘንቢሉን አቅፋ ደጅ ደጁን ታያለች።

መለኪያውን ሸፊቃ አመጣች። «ምን ያስገዛችኋል? የኔ አለ አይደል!» አለች። ስትሪፑንም ከራሷ ድርሻ ነበር የምትቀንስለት። አርብ አርብ ጠዋት ትመጣለች። እኔ ባሻን በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ እይዛለሁ፣ ይርገዱ መነጽሯን አድርጋ ጆሮውን ትወጋለች፣ ሸፊቃ ጠብታዋን ትቀበላለች። ሌላ አገር ደሙ እንዲመጣ ጆሮውን በሞቀ ጨርቅ ያሻሉ አሉ፤ ድሬ ላይ ጨርቁን ደጅ ማስጣት ይበቃል። የመጀመሪያው ቀን ደሙ ጸጉሩ ላይ ቀረና ስትሪፕ አባከንን፤ እጄንም ቧጨረኝ። ሲሳካልን መለኪያው ከአራት መቶ በላይ አለ። በሚቀጥለው አርብም ያው ነበር። ሐኪሙ የሰጠንን ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ እየወጋነው ስኳሩ ትንሽ ወረድ ይልና መልሶ ይወጣል፤ ምክንያቱም ጠዋት ከእኛ ቤት ዳቦ በወተት፣ ቀን ከሸፊቃ ቤት ሩዝ ይበላል። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ይርገዱን ተይው ብላት ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ይርገዱ በጾም ወተት ቤቷ አታስገባም። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ፣ እሱን ምን አግብቶት ይጾማል?» አልኳት። በጾም አፍ አታስከፍተኝ ብላ ተቆጣች። ሸፊቃ ነገሩን ስትሰማ፣ «አቦ ለኔ ተዉት! ረመዳን ነው፣ ሰደቃዬ ይሆናል» አለች። እውነቷን ነው። ቀን በቤቷ ምግብ ስለማይሠራ ሩዙ ቀረ። ጎህ ሳይቀድ ሱሁር ሲበሉ፣ ማታም ሲያፈጥሩ፣ ከሾርባው ሥጋ ሥጋውን ለቅማ ለባሻ ትሰጠዋለች። እሱም አፉን እየላሰ በግንቡ ዘሎ ወደ እኛ ይመጣና መርፌውን ይወጋል። ሳይበላ አትውጉት የተባልነውን ጠብቀናል።

መለካቱን ያስቆመችው ይርገዱ ናት። ሸፊቃን ሐኪሟም ሼኹም አትጹሚ ብለዋት ነበር፤ እምቢ ብላ ጾመች። የሚጾም ስኳርተኛ ደግሞ በቀን ደጋግሞ መለካት አለበት። በዚያው ሰሞን ስትሪፕ ከየፋርማሲው ጠፋ። አርብ ጠዋት ሸፊቃ መለኪያዋን ይዛ ስትመጣ ይርገዱ ከበር መለሰቻት።

«ሂጂ፣ ግቢ ቤትሽ። ሰው ይቀድማል። አንቺ ወድቀሽ እኔ ድመት ስለካ ልገኝ?»

«አንዲት ስትሪፕ እኮ ናት፣ እትዬ!»

«አንዲቷም ያንቺ ናት። እሱን ጾሙ ሲፈታ እንለካዋለን።»

እኔም ልክ ናት ብያለሁ። አሁንም ልክ ነበረች እላለሁ፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሻ ይሻለው ጀመር። ቧንቧውን ተወ። ጸጉሩ መልሶ ተኛ፣ ግንቡ ላይ ወጥቶ እርግብ ያስፈራራል። አንድ ጠዋት የይርገዱን ነጠላ ጫፍ እየጎተተ ሲጫወት እንደ ልጅ ሳቀች። «መርፌው ሠራ፣ አይደል?» አለችኝ። «ሠርቷል እንጂ» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔም ተስፋ አደረግሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

አንድ ረቡዕ ረፋዱ ላይ ባሻ ከደጅ እየተንገዳገደ ገባ። የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ወንበር ሥር ወደቀና ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይርገዱ መርፌውን ከፍሪጅ አውጥታ እየሮጠች መጣች።

«ስኳሩ ወጣበት! ያዘው፣ ያዘው!»

«ሳይለካ?» አልኩና እጇን ያዝሁ። «ሸፊቃን ልጥራ?»

«ሌሊት ሲያጥወለውላት አድራ ገና አሁን ነው ጋደም ያለችው። አትቀስቅሳት።»

መርፌውን ቀምቼ አስቀመጥሁት። ባሻን በዚያው በነጠላዋ ጠቅልለን ባጃጅ አስቆምን። መንገድ ላይ ይርገዱ የምትጸልየውን እሰማለሁ፤ ለድመት ማን እንደሚጸለይለት ግራ ገብቷት አንዴ ጊዮርጊስን፣ አንዴ ማርያምን ትጠራለች።

ዶክተር ዐብዲናሲር ጆሮውን ወጋና ከመሳቢያው ባወጣው መለኪያ ለካው። መለኪያው ቁጥር አልጻፈም። ከሚያነበው በታች ነው የሚለውን ምልክት ብቻ አሳየ። ሐኪሙ ተጣደፈ። ለግመል የሚያዘጋጀውን ግሉኮስ በመርፌ ሰጠው፣ ድዱን ማር ቀባው፣ ደረቱን አሸ። ባሻ አንድ ጊዜ ዓይኑን ገልጦ ነበር። ይርገዱ «ባሻዬ» አለች። ከዚያ ትንፋሹ ቆመ።

ዶክተሩ እጁን ታጠበ። ምን ምን ሲበላ እንደሰነበተ ጠየቀን፤ እኔ ነገርኩት።

«ድመት ላይ አንዳንዴ ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ። «ወተቱና ሩዙ ሲቀርለት፣ ሥጋ ብቻ ሲበላ፣ ስኳሩ ይስተካከላል። ያኔ መርፌው ይቀነሳል። ይቆማልም። ካልተቀነሰ ያለውንም ስኳር ጨርሶ ያወርደዋል።»

«ድኖ ነበር ማለት ነው?» አለች ይርገዱ።

«ሳይሆን አይቀርም፣ እማማ።»

«ለክተነው ቢሆንስ?»

ምነው ባልጠየቀችው! ሐኪሙ መዋሸት የማይችል ሰው ነው። «ቁጥሩ ያሳያችሁ ነበር» አላት።

ስንመለስ በባጃጁ ውስጥ፣ ዝምታው ከአሁኑ ጀመረ አልኩ በልቤ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሰው ሁሉ ጥላ ጥላውን ይዟል። ግቢያችን በር ላይ ሸፊቃ ቆማ አገኘናት። ከንፈሯ በጾም ደርቋል። ነጠላውን አይታ ሻሿን አፏ ላይ ጫነች።

«ምን አለ ሐኪሙ?»

አፌን ልከፍት ስል ይርገዱ ቀደመችኝ። በሁዳዴ ሰው እንኳ የማታማ ሴት ናት።

«ስኳሩ በጣም ወጥቶ ነው አለ። ከመጀመሪያውም የሚተርፍ አልነበረም አለ።»

«እኔ ስትሪፑን ይዤበት ነው...»

«ቢለካም ባይለካም ያው ነበር። ጠይቄዋለሁ።»

ሸፊቃ ግንቡን ተደግፋ አለቀሰች። ቆይታ ፊቷን በሻሿ ጠረገችና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን በእኛ እጅ አልሆነ» አለች። «ወላሂ እኮ ፈርቼ ነበር። ያ ሁሉ ሥጋ ገድሎት ይሆን ስል ነበር።»

ሥጋውማ አድኖት ነበር። ሰደቃዋ ሠርቶ ነበር። ግን ይህን መንገር ሌላውንም መንገር ነው። ይርገዱን አየኋት፤ እሷ እኔን አላየችኝም፤ የተጠቀለለውን ባሻን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገች።

«ሥጋውማ ደስ ብሎት ነው የበላው» አለቻት።