የሰገሌ አንገቶች

ሙሉ ይመር ጥርስ ትሠራለች። ሐኪም አይደለችም፤ ኦስሎ፣ ማዮርስቱን ሰፈር ከሚገኝ ላቦራቶሪ ተቀምጣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትቀርጻለች፣ ታለሰልሳለች፣ የባለቤቱን ጥርስ እስኪመስል ድረስ ቀለም ትቀባለች። ማታ ሃውገንስቱዋ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ጥርስ በምትቀርጽበት በዚያው መርፌ መሳይ መሣሪያ ወታደር ትሠራለች። ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ጋሻና ጎራዴ የያዘ፣ ዓይኑ የተኳለ ወታደር። "ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፣ አሁንም በአሻንጉሊት ትጫወታለች" ብለው የሚያሟት የደብሩ ሴቶች አልጠፉም። እሷም መልሱ ከአፏ አይጠፋም። "እናንተ ቤት ኳስ ሲያይ የሚጮኸው ሰውዬ ስንት ዓመቱ ነው?" ትላቸዋለች።

ክለብ አላት። ከላቦራቶሪው ብዙ ሳይርቅ አንድ ምድር ቤት ውስጥ፣ የድሮ ጦርነቶችን በጠረጴዛ ላይ በዳይስ የሚዋጉ ሰዎች ይሰበሰባሉ። እነሱ ጦራቸውን ከሱቅ ገዝተው ቀለም ብቻ ይቀባሉ። ሙሉ የምትፈልገው ጦር ግን ከሱቅ አልተገኘላትም። ስለዚህ የሌላ አገር ወታደር ትገዛና ጥምጣሙን በቢላ ትልጣለች፣ በሊጥ መሳይ ማጣበቂያ ኩታ ታለብሰዋለች፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ጋሻ ታበጅለታለች። የፈረሱን ጆሮ ስታስረዝመው በቅሎ ይሆናል። በአጭሩ ሰውየውን አገር ታስቀይረዋለች፤ የመኖሪያ ፈቃድ አትጠይቀውም።

ሁለት ዓመት የለፋችበት ጦርነት ሰገሌ ነው። ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው፦ በ1909 ዓመተ ምሕረት ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ሲወርዱ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው መጡ። የሸዋ ጦር ሰገሌ ሜዳ ላይ ገጠማቸው። የአንድ አገር ሰው ተላለቀ፣ ንጉሡም ተማረኩ። ለሙሉ ግን ሰገሌ የቤት ጉዳይ ነው። የአባቷ የአቶ ይመር አያት ከወሎ ጋር ዘምተው እዚያው ሜዳ ላይ ቀርተዋል። የእናቷ የወይዘሮ ፀሐይ አያት ደግሞ ከሸዋ ጋር ዘምተው አንድ ጆሯቸውን ሰጥተው ደብረ ብርሃን ተመልሰዋል።

ባልና ሚስት በቴሌቪዥኑ ሪሞት በተጣሉ ቁጥር ወይዘሮ ፀሐይ "ሰገሌ አልበቃችሁም?" ይላሉ። አቶ ይመር ደግሞ "ያን ጊዜ ጥይት አልቆብን ነው!" ብለው ሪሞቱን ከትራስ ሥር ይደብቃሉ። አብረው ይስቁ ነበር። ወይዘሮ ፀሐይ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆነ። ሪሞቱ አሁን የአቶ ይመር ብቻ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግን ብዙውን ጊዜ እንደጠፋ ይውላል።

አቶ ይመር ልጅ ሳሉ ደሴ አጠገብ ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ቀለም ይበጠብጡ ነበር። ሥዕሉ አልሆነላቸውም፣ ሕጉን ግን አልረሱትም። ለሙሉም ከሀሁ ቀድመው ያስቆጠሯት ይህንኑ ነው። ቅዱስ ፊት ለፊት ይሣላል፣ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ሰይጣንና ከሃዲ በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጠዋል። የጦርነት ሥዕል ሲሆንም የእኛ ሰው በሁለት ዓይን፣ ጠላት በአንድ ዓይን ነው።

እንግዲህ ሙሉ፣ ይህን ሕግ በልጅነቷ የጠጣችው ሙሉ፣ ሰገሌን ስትሠራ ፈጽሞ አላስታወሰችውም። ወሎን በጠረጴዛው ግራ፣ ሸዋን በቀኝ አሰለፈች። ሁሉም ወደ ባላጋራው ያያል፤ ጦርነት ነውና ወዴት ሊያይ ኖሯል? ለእያንዳንዱ ሁለት ዓይን በቀጭን ቡሩሽ ኩላለታለች። ከጠረጴዛው ፊት ለቆመ ሰው ግን የሚታየው አንድ ጉንጭና አንድ ዓይን ነው። የክለቡ ሰዎች ይህ ምን ሊሆን እንደሚችል እንኳን ሊያውቁት አይጠረጥሩትም። አቶ ይመር ግን ሶፋቸው ላይ ሆነው ያንን ጠረጴዛ ለሳምንታት ሲያዩት ሰነበቱ፣ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

የኦስሎ ኢትዮጵያውያን ማኅበር በዓል ቅዳሜ ሊሆን ሐሙስ ዕለት ሙሉ ከሥራ ስትመለስ አባቷ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ጣቶቻቸው በሙጫ ተጣብቀው አገኘቻቸው። የወሎ ጦር በሙሉ፣ ከንጉሡ እስከ በቅሎ ጎታቹ፣ አንገቱ ተቆርጦ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ተለጥፏል።

"አባዬ! ምን አደረግህ?"

"አስተካከልኩ።"

"ቆረጥካቸው እኮ!"

"አዞርኳቸው እንጂ ምን ቆረጥኳቸው! አንቺ አያቴን እንደ ይሁዳ በጎን አቁመሽ ሰው ልትጠሪ ነው? እሳቸው እዚያ ሜዳ ላይ መቃብር እንኳ አላገኙም። እዚህ ፊታቸው ይታይ።"

ሙሉ የጮኸችውን ጩኸት ታችኛው ፎቅ ያለችው ኡምኩልሱም ሰምታ "ደህና ናችሁ?" ብላ ደወለች። ሁለት ዓመት የለፋችበት ሥራ ነው፤ ብትጮህ ማን ይፈርድባታል? የበለጠ ያናደዳት ደግሞ ቁርጡ ንጹሕ መሆኑ ነው። እጇን ከማን እንደወረሰች የዚያን ዕለት አወቀች።

አቶ ይመር በዚህ አላበቁም። ፎቶ አንስተው ለወዳጃቸው ለአቶ ተክሉ ላኩላቸው። አቶ ተክሉ የማኅበሩ ሰብሳቢ ናቸው፣ የአንኮበር ሰው። ፉሩሴት የገበያ ማዕከል፣ ሰንተሩ ውስጥ ባለው አዳራሽ በሚደረገው በዓል ላይ የሙሉን ጠረጴዛ መሐል ላይ ለማኖር ቃል የገቡትም እሳቸው ናቸው። ለሙሉ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ፈረንጆቹ ሥራዋን ሁልጊዜ ያደንቁላታል፤ የገዛ ወገኗ ግን አንድ ቀን እንኳ ቀርቦ አይቶላት አያውቅም። የሙሉ ስልክ ወዲያው ጮኸ።

"ሙሉ፣ በጎን የቆመው ሸዋ ነው ወይስ ዓይኔ ነው?"

"ጋሼ ተክሉ፣ አባቴ ነው እኮ የ..."

"ናይ፣ ናይ፣ አይሆንም፣ ስሚኝ። ያሸነፈ ነው ፊት ለፊት የሚሣለው። ወሎዎቹን ወደ ቦታቸው መልሺ፣ የእኛዎቹን አዙሪ። አለዚያ አዳራሹ አይገባም። ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ አዳራሹን በስሜ ነው የሰጠኝ፤ በስሜ ደግሞ አያቶቼን አንድ ዓይና አላደርግም።"

አቶ ይመር ከሶፋቸው ሆነው ሰምተዋል። "አንዲት አንገት ብትመልሺ፣ እኔና አንቺ አበቃን" አሉ።

ሙሉ ለፊሊፕ ደወለች። ፊሊፕ የክለቡ ጓደኛዋ ነው፤ እሱም እንደ እሷ ከሐበሻ ቤት ኦስሎ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን ግማሹን የሚውጥ፣ ጠብ የማይወድ ልጅ ነው። "ሁሉንም እንደ መጀመሪያው መልሺያቸውና ጌም ነው በያቸው። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ" አላት። ተረቱን ከእናቱ የሰማው ነው፤ ልክ ቦታው ላይ ስላዋለው ራሱም ደስ አለው።

ሙሉ ስልኩን ዘግታ ጠረጴዛውን ከአባቷ ሶፋ አጠገብ ሆና አየችው። ወሎ ሁሉ ትክ ብሎ ያያታል። ሸዋ ጉንጩን ሰጥቷታል። ከሸዋዎቹ መሐል አንዱ ጆሮ የለውም፤ ሆነ ብላ ነው ያንን ጆሮ የላጠችው። የእናቷ አያት ናቸው። ከዚህ ሲያዩዋቸው ጆሮም የላቸው፣ ሁለተኛ ዓይንም የላቸው። ንዴት መጣባት። ሁለቱም ባዕድ ሽማግሌዎች ቢሆኑ ኖሮ ከነገሩ ጦም እደሩ ብላ ትተወው ነበር። አንዱ ግን አባቷ ነው፤ የተነካችው ደግሞ እናቷ ናት።

"አባዬ፣ እማዬን በአንድ ዓይን አላቆማትም" አለች።

"ፀሐይን እዚህ ውስጥ ምን አገባት?"

"ያ ጆሮ የሌለው ማን ነው? ስንት ጊዜ አወራችህ! እሱ ከሃዲ ከሆነ እሷ የማን ልጅ ናት? እኔስ? ግማሽ ፊቴን ላዙርልህ?"

አቶ ይመር ተነሥተው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ፣ በሩንም ዘጉ። ሙሉ ቢላዋን አነሣች።

አርብ ማታ ፊሊፕ ሊያያት ሲመጣ የሸዋ ጦር በሙሉ ዞሯል። ወሎም ሸዋም ሰውነቱ ወደ ባላጋራው፣ ፊቱ ወደ ተመልካቹ ሆኗል። ፊሊፕ ጠረጴዛውን ሁለቴ ዞረው። "በጨዋታው ደንብ እኮ ወታደር ያላየውን መተኮስ አይችልም። እዚህ ማንም ማንንም አያይም" አለ።

"ያ፣ ልክ ነህ" አለችው ሙሉ።

"ጨዋታው አይጀመርማ!"

"አይጀመር።"

ቅዳሜ ዕለት ጠረጴዛውን በፊሊፕ መኪና ፉሩሴት ወሰዱት። አቶ ይመር አብረው አልሄዱም፤ ከክፍላቸውም አልወጡም። አዳራሹ ገና ወንበር እየተደረደረበት ነበር። አቶ ተክሉ ከረባታቸውን እያስተካከሉ መጡና ከጠረጴዛው ፊት ቆሙ።

"ሁሉም ጻድቅ ሆነ?" አሉ። "ታዲያ ጠላቱ የታለ?"

"አልሠራሁም።"

"ጦርነት ሠርተሽ ጠላት አልሠራሁም ትያለሽ? ይቺ ልጅ ትቀልዳለች! የወሎ ሰው ይቆጣኛል፣ የሸዋ ሰው ይቆጣኛል። እኔ የምፈልገው ሰላም ነው።"

"ሰላምማ ይኸው ጋሼ ተክሉ። ካልጣመዎት ግን..." ሙሉ ከቦርሳዋ ያንን ቀጭን ቢላ አውጥታ በእጀታው በኩል ዘረጋችላቸው። "እርስዎ ይምረጡና ይቁረጡ። እኔ ከእንግዲህ አንድም አንገት አላዞርም።"

ወንበር የሚደረድሩት ሰዎች ቆም አሉ። አቶ ተክሉ ቢላዋን ተቀበሉ። ጎንበስ አሉ፣ ከወሎዎቹ አንዱን በሁለት ጣታቸው ያዙ። ሰውየው ጥቁር ካባ የለበሰ፣ ጺሙ የሸበተ ሽማግሌ ነው፤ ዓይኑን ፍጥጥ አድርጎ ያያቸዋል። ቢላዋ ከአንገቱ አልደረሰም። አቶ ተክሉ ቀና ሲሉ ፊታቸው ቀልቷል፤ ቢላዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"አውጪው" አሉ። "ከአዳራሼ አውጪው።"

"አወጣዋለሁ። አልቀብረውም ግን።"

ፊሊፕ መኪናውን ሊያቆም ሄዶ አልተመለሰም። ሙሉ የጠረጴዛውን አንዱን ጫፍ ብቻዋን አነሣች፣ ሌላው ጫፍ ወለሉን እየቧጨረ ጥቂት ተጎተተ። ማንም አልረዳትም። እንባዋ መጣ፣ አሳፈራት፣ መልሳ ዋጠችው። ያኔ ነው ሌላው ጫፍ ቀና ያለው። አቶ ይመር ናቸው፤ በሜትሮ ተከትለው መጥተዋል። የለበሱት ወይዘሮ ፀሐይ ለልጃቸው ምርቃት ያሰፉላቸውን ሱፍ ነው። ጠረጴዛውን ይዘው ወታደሮቹን ከግራ እስከ ቀኝ አንድ በአንድ አዩ። ሙሉን አንዲት አንገት ብትመልሺ ብለዋታል፣ ለሸዋም ፊት ስጪው ግን አላሏትም።

"በደንብ ያዢ እንጂ" አሉ አቶ ይመር። "ንጉሡን ልትጥያቸው ነው።"

ጠረጴዛውን ከሰንተሩ ፊት ካለው አደባባይ፣ የሜትሮው ሰው ከሚወጣበት አጠገብ ግድግዳ አስጠግተው አቆሙት። ነፋስ ነበር፤ ሙሉ ግን ሁሉንም ከሥራቸው አጣብቃቸዋለች፣ ማንም አልወደቀም። መጀመሪያ ልጆች መጡ፣ ከዚያ የልጆቹ እናቶች፣ ከዚያ ከአዳራሹ ነጠላቸውን ያደረጉ ሴቶች አንድ ሁለት እያሉ ወጡ። በአሻንጉሊት ትጫወታለች የሚሉት እነዚያው ሴቶች ናቸው። አንደኛዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ "ኧረ ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት!" አለች።

አቶ ተክሉም መጡ። ከሰንተሩ መስታወት በር ጀርባ ቆመው፣ ለመውጣትም ለመመለስም አልቆረጡም።

"ፀሐይ የምታወራላቸው ሰውዬ የቱ ናቸው?" አሉ አቶ ይመር። እስከ ዛሬ ጠይቀዋት አያውቁም።

ሙሉ በጣቷ አሳየቻቸው። አቶ ይመር ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ሠርግ ላይ ለአማት እንደሚደረገው ዝቅ ብለው ጆሮ ከሌለው ሰው ፊት እጅ ነሡ።

"እንደምን ዋሉ ጌታዬ" አሉ። "የፀሐይ ባል ነኝ።"

ቀና አላሉም። እንደ ጎነበሱ ድምፃቸውን ብቻ ከፍ አድርገው ወደ መስታወቱ በር ተጣሩ።

"ተክሉ! ና ውጣ እንጂ! አያቶችህ እያዩህ ነው።"