የአንገት እንጨት

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ውስጥ፣ ከልብስ ሱቆቹ በላይ ባለችው የሦስተኛ ፎቅ የእንግሊዝኛ መማሪያ ክፍል፣ አማርኛ ወንጀል ነበር። ከሰሌዳው ጎን፣ ምስማር ላይ፣ መዳፍ የምታህል እንጨት በሲባጎ ተንጠልጥላለች። «የእንግሊዝኛን ሕግ ጥሻለሁ» የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፎባታል። አማርኛ ያመለጠው ሰው አንገቱ ላይ ያጠልቃታል፤ ሌላ ጥፋተኛ እስኪገኝም አያወልቃትም።

ዕፀገነት እንጨቷን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠልታታለች። ጠልታ ግን ዝም ብላለች። ደሴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምራ፣ ናይሮቢ መጥታ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ከርማ ያገኘችው ይህንኑ የማስተማር ሥራ ብቻ ነው። የሦስት ወር ሙከራዋ ዛሬ ዓርብ ያበቃል። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ሔኖክ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሊያዳምጣት መጥቷል፤ ከወደዳት ይቀጥራታል፣ ካልወደዳት ያሰናብታታል። ሔኖክ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ናይሮቢ ተወልዶ ናይሮቢ ያደገ። ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ ይላል፤ የአክብሮቱን አማርኛ አልተማረም።

«ኢት» የት ትቀመጣለች የሚለው ትምህርት ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ዛሬም ከመጀመሪያው ወንበር የተሰናከሉት ጋሽ ሃብተ ናቸው፤ የአስመራ ሰው፣ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጄኔሬተር ሲጠግኑ የኖሩ። ፓርክላንድስ ያለ አንድ ድርጅት የጥገና ኃላፊ ሊያደርጋቸው አስቧል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ በእንግሊዝኛ ይፈተናሉ።

«ተርን ኦፍ ዘ ጄኔሬተር» አሉ፣ ጄኔሬተሩን አጥፋ ለማለት። ልክ ነው አለቻቸው።

«ተርን ኦፍ ኢት።»

«ኖ። ተርን ኢት ኦፍ።»

«ሉክ ኢት አፍተር» አሉ ደግሞ፣ ተንከባከበው ለማለት።

«ኖ። ሉክ አፍተር ኢት።»

ምክንያቱን በእንግሊዝኛ አስረዳች፤ ለሦስተኛ ቀን። አሥራ አንዱ ተማሪዎች ሁሉንም ጻፉ፣ አንዱም አልገባቸውም። እንግሊዝኛን ለማያውቅ ሰው እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ጋሽ ሃብተ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ለምን?» አሉ በአማርኛ። «ጄኔሬተሩን የሚያህል ነገር ከኋላ ቆሞ፣ ይቺ ኢት ለምን አትቆምም?»

ሔኖክ ተነሥቶ እንጨቷን ከምስማሩ አወረደ። «ፖሌ፣ ምዜ» አለ በስዋሂሊ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቆ፤ «ሩል ግን ሩል ነው።»

ጋሽ ሃብተ ቆባቸውን አወለቁ። ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

ዕፀገነትን ያነደዳት የቆቡ መውለቅ ነው። ቢቆጡ ትችለው ነበር።

«አምጣት» አለች።

«ቲቸር፣ ኢንግሊሽ ፕሊዝ።»

«አምጣት አልኩህ።» ከእጁ ነጥቃ አንገቷ ላይ አጠለቀቻት። «ይኸው፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ቅጣቴን አስቀድሜ ስለተቀበልኩ እንግዲህ እንደ ልቤ እናገራለሁ።»

ሰሌዳውን ጠርጋ «ቆቡን ብድግ አደረገ» ብላ ጻፈች። «ቆቡን የሚለውን ተዉና አሳጥሩልኝ።»

«ብድግ አደረገው» አለች ላሚያ፣ የጥግ ወንበር ተማሪ።

«ያቺ ‹ው› የት ገባች?»

«አደረገ ላይ ተለጠፈች።»

«ብድግው አደረገ ሲል የሰማችሁት ሰው አለ?»

ክፍሉ ሳቀ። በሦስት ወር ውስጥ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

«ተርን ግሱ ነው። ኦፍ እንደ ብድግ ናት፣ ግሱን ታጅባለች። ኢት ደግሞ የእኛ ‹ው› ናት። ጄኔሬተሩ ትልቅ ስም ነው፣ ከኋላም ከመሐልም ይቆማል። ኢት ግን ተለጣፊ ናት፤ ግሷን ሙጥኝ ትላለች። ተርን ኢት፣ ከዚያ ኦፍ። አሁን ‹ፈረደ› በሉ። ለእሱ ከሆነ?»

«ፈረደለት።»

«በእሱ ላይ ከሆነ?»

«ፈረደበት» አሉ ጋሽ ሃብተ፣ ወደ ሔኖክ ሳያዩ።

«‹ለ› እና ‹በ› መስተዋድድ ናቸው፤ ‹ት›ን ከኋላቸው አዝለዋታል። አፍተርም መስተዋድድ ነው፣ ኢትን ያዝላታል። ሉክ አፍተር ኢት። የቱ አጃቢ፣ የቱ አዛይ እንደሆነ ግን በቃል ይጠናል፤ አቋራጭ የለውም። ድሀ ቋንቋ ይዛችሁ አልመጣችሁም። ይህን ሁሉ ከእናታችሁ ጉያ ሳትወጡ ተምራችሁታል።»

ጋሽ ሃብተ ቆባቸውን መልሰው ደፉ። «ተርን ኢት ኦፍ። ስዊች ኢት ኦን። ሉክ አፍተር ኢት። ዌይት ፎር ኢት» አሉ፤ አንዱንም አልሳቱም። ከዚያ ወደ ሔኖክ ዞሩ። «የእኔ እናት አማርኛ አታውቅም፤ አማርኛን አስመራ ትምህርት ቤት በኩርኩም ነው ያስተማሩኝ። ቋንቋውን ኋላ ወደድኩት። ኩርኩሙን ግን እስከ ዛሬ አልወደድኩትም፣ ልጄ።»

«እኔም ፕራይመሪ እያለሁ ይህንኑ አጥልቄ ነው የተማርኩት» አለ ሔኖክ። «ሠርቶልኛል። እዩኝ።»

«አየንህ» አለች ዕፀገነት። «ወሬው ጠለቅ ሲል እናትህን በእህትህ አስተርጓሚነት ነው የምታናግራት።»

መስመር ማለፏን አወቀችው። ያለችውን ግን አልሳበችም።

ሔኖክ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትራያሉ አልቋል ቲቸር። እንጨቷን አስቀምጪና ሂጂ።»

«መሄዱን እሄዳለሁ» ብላ ቦርሳዋን አነሣች። እንጨቷን አላወለቀችም። ደረጃውን ወረደች፣ በጨርቅ ነጋዴዎቹ መሐል አለፈች፣ ወደ ሰፈሯ ካሳራኒ የሚወስዳት ሚኒባስ፣ ማታቱ ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ረዳቱ ጽሑፉን አንብቦ ቀና ብሎ አያት፤ እሷም አየችው። ሥራ አጥታለች፤ አንገቷ ግን ዘንበል አላለም። ቤት ስትደርስ፣ ራሱን በራሱ እየዘጋ የሚያስቸግራትን የኩሽናዋን መስኮት በእንጨቷ ደገፈችው።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሔኖክ ደወለ። አማርኛውን እየፈለገ ነበር የሚናገረው።

«ቲቸር፣ ክፍሉ ባዶ ነው። ሁሉም ኮሪደር ላይ ቆመዋል። ሃብተ ወረቀት ሰጠኝ፣ አሥራ አንዱም ፈርመዋል።»

«ምን ይላል?»

«ብሪንግ ኸር ባክ።»

መልሰህ አምጣት ማለታቸው ነው፤ ኸርም ከግሱ ጎን ቦታዋን ይዛለች። ዕፀገነት ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ለአፍታ ፈገግ አለች።

«ስለ እናትህ ያልኩትን በሰው ፊት ማለት አልነበረብኝም» አለች።

«ውሸት አይደለም ግን» አለ። «ነይ። እንጨቷንም ይዘሽ ነይ፣ የትምህርት ቤቱ ናት።»

መስኮቱን አየችው። ነፋስ ይገባል።

«እኔ እመጣለሁ» አለች። «እንጨቷ ሌላ ሥራ አግኝታለች።»