ሊፍት «መጣሁ» ሲል

የ«አመድ በር» ሁለተኛው ክፍል ሊወጣ ነው የተባለ ቀን የአንዲት ሴትዮ ሌንስ እየሞረድኩ ነበር። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ደንግጬ ሌንሱ ከእጄ አመለጠና ጠርዙ ተሸረፈ። ሴትዮዋ «ምነው፣ ምን ሰማሽ?» አለችኝ። በሠላሳ አራት ዓመቴ የምወደው የተኩስ ጌም ተከታዩ ሊመጣ ነው ብላት፣ መነጽሯን ይዛ ሌላ ቤት ትሄድብኛለች። «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም።

ጌሙን ለማያውቅ ላስረዳ። አራት አራት ሆኖ፣ በተቃጠለች ከተማ ውስጥ፣ ከፎቅ ፎቅ እየተሳደዱ መታኮስ ነው። የእኛ ቡድን እኔ፣ ወንድሜ፣ አንድ የጂኦግራፊ መምህርና አንድ ፋርማሲስት ነን። ሁለቱን በአካል አይቻቸው አላውቅም፣ የሚኖሩት ሌላ ከተማ ነው። ድምፃቸውን ግን ከጎረቤቶቼ ድምፅ አስበልጬ አውቀዋለሁ። መምህሩን «ቲቸር» እንለዋለን፣ ፋርማሲስቱን «ሽሮፕ»። እኔ መነጽር ቤት ስለምሠራ «መነጽር» ነኝ። ወንድሜ ሊፍት ጠጋኝ ስለነበር «ሊፍት» ነው።

ነበር አልኩ። እነሱ ግን ነበር መሆኑን አያውቁም።

የዚያን ቀን ግሩፓችን ቀለጠ። ቲቸር «ካርታው በሦስት እጥፍ ሰፍቷል! ዝናብ አለ! ውሃው በደረጃው እየወረደ ይታያል አሉ!» እያለ መቀመጫ አጣ። ሽሮፕ ደግሞ ከልደቱ ቀን ጀምሮ ቅሬታ ያለው ሰው ነው። «የቆጡን አወርድ ብለው የብብታቸውን ሊጥሉ ነው» አለ። «ሩጫውን ያፈጥኑታል። ቆም ብሎ ኮቴ ማዳመጥ ይቀራል። ጠመንጃውን ሮዝ ቀብተው ይሸጡልናል። ከማላውቀው መልአክ የማውቀው ሰይጣን ይሻለኛል።»

«አንተ ገነት ብትገባም ወንበሩ አልተመቸኝም ትላለህ» አለው ቲቸር። ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። «ሊፍትስ? ምን ትላለህ፣ ዝም አልክ እኮ።»

በስልኬ በወንድሜ ስም ገባሁና ጻፍኩ፦ «ሊፍቱን ካልጠገኑት አልገባም።» ሁለቱም ሳቁ። እኔ ወደ መሞረጃው ተመለስኩ። እሱ ቢኖር ልክ ይህንን ነበር የሚለው። እሱን ሆኖ መጻፍ ይህን ያህል የቀለለኝ ከመቼ ጀምሮ ነው? ራሴን ፈራሁ።

ሊፍት በጌሙ ውስጥ ሊፍት አይሳፈርም ነበር። ጥይት እየዘነበበት ስምንት ፎቅ በእግሩ ይወጣል። «ማን እንደጠገነው አላውቅማ!» ይለናል።

አሁን ስለ አንድ ቃል መናገር አለብኝ። አባታችን አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ «ሄድኩ» አለ፣ ሄደም። ከዚያ ወዲህ እናታችን ያንን ቃል በቤቷ አታስብልም። ሱቅ ለመድረስም፣ ቆሻሻ ለመጣልም ስንወጣ «መጣሁ» ነው የምንለው። እርግጥ ሰው ሁሉ ገና ሳይሄድ «መጣሁ» ይላል። ለሌላው ሰው ልማድ ነው፣ ለእኛ ቤት ግን ሕግ ነበር። የቀረው ሰው የሚመልሰው ደግሞ «እንዳትቆይ» ነው።

ጌሙ ሲጀመር ለሦስት ቁልፎች ድምፅህን ቅዳ ይላል፦ እርዳታ ስትፈልግ፣ ለእርዳታ ስትመጣ፣ ቦታህን ለቀህ ስትሄድ። ሊፍት ለመጀመሪያው «ኧረ ድረሱልኝ!» ብሎ ቀዳ። ለሁለተኛው «መጣሁ!» አለ። ለሦስተኛውም «መጣሁ!» አለ። ያቺ ሦስተኛዋ ስንቴ አስጨርሳናለች! እየመጣልን ነው ብለን ስንጠብቅ እሱ በሩን ለቆ ሄዷል። «ይሄ ሰውዬ እንደ ስሙ ነው» ይላል ሽሮፕ፣ «ይውጣ ይውረድ አይታወቅም።» ቀይረው ብለን ስንለምነው «እናቴ ከሰማች ትገድለኛለች» ብሎ እምቢ አለ።

የዛሬ ዓመት ከሁለት ወር፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እየተጫወትን ስልኩ ጠራ። ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለ ሕንፃ ላይ ሊፍቱ በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መሀል ቆሟል አሉት። ጆይስቲኩን ሶፋው ትራስ ላይ አስቀመጠ። የመፍቻ ቦርሳውን አንጠለጠለ። «መጣሁ» አለኝ። እኔ አንድ መስኮት ላይ አነጣጥሬ ነበርና ዓይኔን አልነቀልኩም። «እንዳትቆይ» አላልኩትም።

ሰው ጆይስቲኩን ሲያስቀምጥ ከደቂቃ በኋላ «ጥላው» ይተካዋል። ጥላ የባለቤቱን አጨዋወት ለዓመታት ሲያጠና የኖረ፣ ባለቤቱ የቀዳውንም ድምፅ የሚጠቀም ፕሮግራም ነው፣ ባላጋራ እንዳይነቃ ተብሎ ምልክት የለውም። የሊፍት ጥላ ብድግ አለና ደረጃውን ያዘ። እንደ ባለቤቱ በየበሩ ሁለት ጊዜ ቁጢጥ እያለ ተከተለኝ። ያንን ዙር ጨርሰን ሌላ ጀመርን። ስልኬ ጠራ፣ አላነሳሁም። ደግሞ ጠራ፣ አላነሳሁም። ጀርባዬን የሚጠብቅልኝ ሰው ስላለኝ ተመችቶኝ ነበር። አሸነፍን። ሳነሳው የወንድሜ የሥራ ባልደረባ ነው። በሊፍቱ ጉድጓድ ከወደቀ ግማሽ ሰዓት አልፏል አለኝ፣ ወዲያው ነው ያረፈው። በዚያ ግማሽ ሰዓት ወንድሜ አጠገቤ ሲተኩስልኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ወድቄ ሁለት ጊዜ አንስቶኛል።

ከወር በኋላ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። የእሱን ጆይስቲክ አብርቼ እዚያው ትራስ ላይ አስቀመጥኩት። ለሁለት የተከፈለው ስክሪን ግማሹ እኔ፣ ግማሹ እሱ ሆነ። «የት ጠፋችሁ እናንተ?» አለ ቲቸር። ልነግራቸው አፌን ስከፍት «መጣሁ!» አለ ሊፍት። ሽሮፕ ፈንድቶ ሳቀ። «ይኸው! ይውጣ ይውረድ!» አለ። ያንን ሳቅ ማቋረጥ አቃተኝ። «ማይኩ ተበላሽቶበታል፣ በጽሑፍ አናግሩት» አልኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

እንግዲህ በየቅዳሜው ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ፣ እናቴ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ ከወንድሜ ጋር እጫወታለሁ። ጥይት ሲያገኘው ጆይስቲኩ ባዶው ትራስ ላይ ብቻውን ይንዘፈዘፋል። መጀመሪያ ሰሞን እጄን ጭኜ አስቆመው ነበር። ኋላ ተውኩት። አንዳንዴ ትራሱ ጎድጎድ ያለ ይመስለኛል፣ ዞር ብዬ ግን አላይም።

ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሌላ ማስታወቂያ መጣ። አዲሱ ሲከፈት የአሮጌው ሰርቨር ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ጥላውን ይዞ መሻገር የሚፈልግ ተጫዋች በራሱ ድምፅ አንድ ዓረፍተ ነገር ማንበብ አለበት። ዓረፍተ ነገሩ «እኔ ነኝ፣ አለሁ» የሚል ነው።

«ጥሩ አደረጉ» አለ ሽሮፕ። «ከመጀመሪያውም ጥላ ደስ አይለኝም። ባለቤቱ በሌለበት ባለቤቱን መምሰል ምን ይባላል?»

ከወንድሜ የቀረኝ ድምፅ ለጌሙ የቀዳቸው «ኧረ ድረሱልኝ» እና «መጣሁ» ብቻ ናቸው። «አለሁ» ብሎ ያስቀረልኝ ነገር የለም።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ በሩን ዘግቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ድምፄን አወፈርኩና አነበብኩ። «እኔ ነኝ፣ አለሁ።» ስክሪኑ «ድምፁ አልታወቀም» አለኝ። ደገምኩት። አልታወቀም። ሦስተኛ ጊዜ ስል በሩ ተከፈተ። እናቴ የታጠፈ ልብስ ታቅፋ ቆማለች።

«እምቢ አለሽ?» አለችኝ። «ጥላውን አያሻግሩትም?»

«እማ፣ አንቺ ስለ ጥላ ምን ታውቂያለሽ?»

«ይሄ ግድግዳ ወረቀት ነው» አለች፣ ልብሱን ሶፋው ላይ እያስቀመጠች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ላይ ልብስ የማጥፈው ለምን መሰለሽ? የማጥፈው ሲያልቅብኝ ያጠፍኩትን ፈትቼ ነው የማጥፈው። አንዳንድ ቀን ዘጠኝ ጊዜ ‹መጣሁ› ይላል። ባለፈው አሥራ ሁለት ጊዜ አለ። ያ ሽሮፕ የምትሉት ሲስቅ ደግሞ ደስ ይለኛል። ልጄን እስካሁን የሚያሾፍበት ሰው አለ እላለሁ።»

ደብቄያት ነበር እኮ! ለእሷ አዝኜ፣ ለእሷ ተጠንቅቄ። ለካ ዓመት ሙሉ በአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ አንድ ሰው ስንጠብቅ ኖረናል። አፈርኩም፣ አለቀስኩም።

«አዲሱ ሲመጣ እሱ አይመጣም ማለት ነው?» አለች።

«አይመጣም እማ።»

«ካርታውን በሦስት እጥፍ አሰፋን አላሉም? ለአንድ ሰው ቦታ አጡ?»

እንባዋን በታጠፈው ልብስ ጠረገችና «ለልጆቹ ንገሪያቸው» አለችኝ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ከሌላ ሰው አይስሙት።»

ግሩፑ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሊፍት ሞቷል። ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። ከእናንተ ጋር የሚጫወተው ጥላው ነው። በስሙ የምጽፍላችሁ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሽሮፕ ጻፈ። «ዝናቡ ያስፈራኛል ስለው ጃንጥላ ያዝ ያለኝስ?»

«እኔ ነኝ።»

«እናቴ ታማ ሆስፒታል ሳድር ያጽናናኝስ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ለአንቺ አልነገርኩም። ለእሱ ነው የነገርኩት» አለና ከግሩፑ ወጣ። ቲቸር ደግሞ «ክፍል ውስጥ ነኝ። ተማሪዎቹ እያዩኝ ነው፣ ምን እንደምል አላውቅም» ብሎ ጠፋ። ስለ አዲሱ ጌም ከዚያ በኋላ ያወራ የለም።

የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእሱን ጆይስቲክ አበራሁ። እናቴ ያለ ልብስ፣ ባዶ እጇን ገባች። የእሱ ቦታ ላይ አልተቀመጠችም። ከጎኑ ተቀመጠችና ጆይስቲኩን አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። ጌሙ ውስጥ ከቡድናችን ከሊፍትና ከእኔ በቀር የገባ አልነበረም። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን የቲቸር ስም በራ። «አለሁ» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። ዘጠኝ ከአርባ ላይ ሽሮፕ ገባ። ትንፋሹ ብቻ ይሰማል።

ተጫወትን። እንደ ድሮው አልነበረም፣ የቀልድ ሽታ እንኳ የለም። ሊፍት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ በየበሩ ሁለቴ ቁጢጥ ይላል፣ በደረጃ ይወጣል። በተመታ ቁጥር ጆይስቲኩ እናቴ ጉልበት ላይ ይንቀጠቀጣል። እሷም በመዳፏ ሸፈን ታደርገዋለች፣ ሕፃን እያለ ሲያተኩሰው ግንባሩን ትይዘው እንደነበረው።

አሥር ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ሰባተኛ ፎቅ ላይ ተመትቼ ወደቅኩ። የሚያነሳኝ ካልመጣ ያበቃልኛል። ቲቸር ርቋል፣ ሽሮፕም ጥይት ጨርሷል። በእሱ በኩል ባለው ግማሽ ስክሪን ላይ ሊፍት ይታያል። በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መሀል፣ የደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆሟል። ወደ ላይ እኔ ነኝ። ወደ ታች የጎዳናው በር ነው።

«መጣሁ!» አለ።

«ይውጣ...» አለ ሽሮፕ። ድምፁ ተሰበረ፣ አልጨረሰውም።

ዓመት ከሁለት ወር በአፌ ውስጥ የኖረውን «እንዳትቆይ» ልለው ከንፈሬን አላቀቅኩ። እናቴ ቀደመችኝ። ጆይስቲኩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች።

«ሂድ ልጄ» አለች። «ይብቃህ፣ ሂድ።»

ሊፍት እግሩን አነሳ። ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ሳናይ ስክሪኑ ጠቆረ።